አምስቱ በርተው፣ አንዱ ጠፍቶ

ኮምቦ የተገኘው በጀርባው ተዘርግቶ፣ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተክሎ ነበር። ቀኝ እጁ አጠገብ ነጭ የብረት ኩባያ ተደፍቷል። ከራስጌው፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ ስድስት ስክሪኖች ተደርድረዋል፤ አምስቱ ሰማያዊ ብርሃናቸውን ሬሳው ላይ ያፈሳሉ፣ ሦስተኛው ግን ጥቁር ነው። ሰው ሞቶ ወለል ላይ ተጋድሞ ስክሪን የሚቆጥር ማን ነው ትሉ ይሆናል። ኢንስፔክተር ምቤዩ ካሪሳ ትቆጥራለች።

ምቤዩ ሃምሳ ዓመቷን የደፈነች፣ አጠር ያለች፣ ጉልበቷ ደረጃ የማይወድ ሴት ናት። የሞምባሳ አሮጌ ከተማ ቤቶች ደግሞ ከደረጃ በቀር ሌላ ነገር ያላቸው አይመስሉም፤ ይህኛው እንኳ ከፊት አንድ፣ ከጓሮ አንድ ደረጃ አለው። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደርሳ ትንፋሿን ሳትሰበስብ ኮንስታብል ቼሩዮት ነገሩን ጨርሶ ሊነግራት ቸኮለ።

«አልቋል አፋንዴ። ውሃው ተመርዟል። ሐኪሙ ጀሪካኑን ገና ሲያሸተው ነው የገባው፤ ወርቅ ሠሪዎች የሚሠሩበት መርዝ ነው ብሏል። ውሃውን ያመጣችው ሴት ደግሞ ይቻትና።»

«አንተ ከደጋ አገርህ ወደዚህ ወርደህ ስንት ዓመትህ ነው?»

«ሁለት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ ‹አልቋል› ስትለኝ አንድም ቀን አልቆ አያውቅም። ቀስ በል።»

ቤቱ የሽማግሌው የፋማው ነው። በዚያ ከተማ ስክሪን የሚጠርግና የሚጠግን ሲባል ቀድሞ የሚነሳው የእሱ ስም ነው። ባህሩ ከመስኮት ሥር ስለሆነ ጨዉ በነፋስ እየገባ በአንድ ሌሊት መስታወት ሁሉ ላይ ይጋገራል። የሆቴሉም፣ የሐኪም ቤቱም፣ የመርከብ መሪዎቹም ስክሪን ሲደበዝዝ ፋማው ዘንድ ይመጣል፣ ዓይኑ በርቶ ይመለሳል። ሟቹ ኮምቦ ረዳቱ ነበር፤ ሦስት ዓመት እዚያው ቤት ሠርቷል።

ምቤዩ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለች። ከኩባያው የተረጨው ውሃ ጠረጴዛው ላይ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለተኛውና አራተኛው ስክሪን ላይ ደርቆ ነጫጭ ነጥብ ጥሏል። በመካከላቸው ያለው ጥቁሩ ስክሪን ላይ አንድም ነጥብ የለም። ከክፍሉ ወጥታ ወደ ደረጃው ሄደች።

ሚሺ ደረጃው አናት ላይ ተቀምጣለች። የስድስት ወር ልጇ በካንጋ ነጠላዋ ተጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ተኝታለች። የሴትዮዋ ግራ እጅ ከደረጃው ብረት ጋር በካቴና ተቆልፏል። ውሃውን ያመጣችው እሷ ናት፤ ኮምቦ ደግሞ የእናቷ ልጅ፣ ታላቅ ወንድሟ ነው። ስታለቅስ ቆይታ አሁን ዕንባዋ ደርቋል።

«ካቴናውን ማን አሠረው?» አለች ምቤዩ።

«እኔ ነኝ አፋንዴ። እንዳታመልጥ» አለ ቼሩዮት።

«ሕፃን ታቅፋ፣ በዚህ ደረጃ? እኔ ባዶ እጄን መውረድ አቅቶኛል። ፍታላት።»

ቼሩዮት ፈታ። ምቤዩ ጉልበቷን ይዛ ከሴትዮዋ አጠገብ ተቀመጠች።

«እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ከበረዶ ፋብሪካው የተጣራ ውሃ እየገዛሁ ለባትሪ ቤቶችና ለባባ ፋማው አከፋፍላለሁ። እዚህ የማመጣው ሰኞ ሰኞ ነው። ዛሬ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጀሪካኑን እንደታሸገ ለኮምቦ አስረከብኩና ገበያ ሄድኩ። ባዶውን ልወስድ ስመለስ ሁለት ሰዓት ከሩብ ቢሆን ነው። ወድቆ አገኘሁት።»

«ከዚያስ?»

«ጮህኩ። ባባ ፋማው ከታች እየተጣደፉ መጡ። እኔን አዩ፣ ወንድሜን አዩ፣ ከዚያ ‹ለእኔ የደገስሽው ለገዛ ወንድምሽ ሆነ› ብለው በመስኮቱ እየጮሁ ሰፈሩን ሰበሰቡ።»

«ለእሳቸው ለምን ትደግሻለሽ?»

«ዓርብ ዕለት መንገድ ላይ በሰው ፊት ሰደቡኝ። ‹የባህር ውሃ ጀሪካን ውስጥ እየሞላሽ ትሸጪልኛለሽ፣ አንቺ ሌባ› አሉኝ። እኔም አፌ አያርፍ፣ ‹ባህሩ ራሱ ይዋጥዎ› አልኳቸው። ያልሰማ ሰው የለም።» ወደ ልጇ አጎነበሰች። «ምነው ያን ጊዜ ምላሴን በቆረጠው።»

«ወንድምሽ የስክሪን ውሃ ለምን ጠጣ?»

«የቤቱ ሕግ ነው። በየጠዋቱ ውሃ ጨርቅ ከመንካቱ በፊት ምላስ ይነካል። ጨው ካለበት ስክሪኑ ላይ ሲደርቅ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ያን ሲያሹት ይጭረዋል። ሌላው ቤት ቀምሰው ይተፉታል። ባባ ፋማው ግን ‹በእኔ ቤት የአላህ ውሃ አይተፋም› ይላሉ። አንድ ጉንጭ ሙሉ ተጎንጭቶ መዋጥ ነው።»

«የሚቀምሱት ሁልጊዜ እሳቸው ናቸው?»

«እሳቸው ናቸው። ሰኞና ሐሙስ ግን ይጾማሉ። የጾሙ ቀን ኮምቦ ይቀምሳል።»

ምቤዩ ከንፈሯን ነከሰች። «ስትገቢ ስክሪኖቹ እንዴት ነበሩ?»

«አምስቱ በርተው፣ አንዱ ጠፍቶ። ሌት ተቀን ይበራሉ፤ ለፍተሻ ነው። ያኛው ተበላሸ እንዴ አልኩ በልቤ። ወንድሜ ወድቆ እንዲህ ያለውን ማየቴ ራሱ አሁን ገረመኝ።»

የምቤዩ ስልክ ጮኸ። የጣቢያው ኃላፊ ነው፤ ሰላምታ የማያውቅ ሰው ነው።

«ሴትዮዋ አስፈራርታለች፣ ውሃውን አምጥታለች፣ ሬሳው ላይ ቆማ ተይዛለች። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አሥር ሰዓት ላይ መኪናው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ውስጡ ትሁን።»

«ሕፃን ይዛለች።»

«ሕፃኑም ይሂድ።»

ምቤዩ ስልኩን ዘጋች። የነፍስ ክስ በዚያ አገር እስኪታይ ሁለትም ሦስትም ዓመት ይፈጃል። ያቺ ሕፃን መራመድ የምትማረው የእስር ቤት ግድግዳ እየያዘች ሊሆን ነው። ሚሺ የተባለውን ሁሉ ሰምታለች፤ ልጇን አጥብቃ ያዘች።

ፋማው በማዶው ክፍል ከአንድ በርጩማ ላይ ተቀምጧል፤ ደጁ ላይ ከጠዋቱ ጀምሮ ሌላ ፖሊስ ቆሟል። ነጩ ቀሚሱ ከተተኮሰ ወዲህ የተቀመጠበት አይመስልም። ከደረት ኪሱ አረንጓዴ ጠርዝ ያለው ጨርቅ ብቅ ብሏል፤ የባለሙያው የግሉ ጨርቅ ነው፣ ሌላ ሰው አይነካውም። መነጽሩን ግን የባህሩ ጨው ጭጋግ አልብሶታል። ሽማግሌው አገጩን ደረቱ ላይ ጥሎ በመስታወቱ አናት አሻግሮ ያያታል።

«የፈለጉት እኔን ነበር፣ ልጄ» አለ። «ዛሬ ባልጾም ኖሮ እዚያ ወለል ላይ የምታገኚው እኔን ነበር። አላህ አተረፈኝ።»

«ኮምቦን ግን አላተረፈውም።»

«እንደ ልጄ ነበር። ሦስት ዓመት ከአንድ ሳህን በላን።»

«መቼ መጡ?»

«ደረጃው ሥር ስደርስ የሴትዮዋን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ በፊት እግሬም አልረገጠ። ከገባሁ በኋላም ጣቴ ምንም አልነካ። ሬሳውን እንኳ ሳልሸፍን ፖሊስ ጠበቅኩ። ሰው እኮ ይመሰክራል።»

ምቤዩ ልትሄድ ዞር አለችና ተመለሰች። «ባባ፣ እኔ የቤቴን ቴሌቪዥን በእርጥብ ጨርቅና በመስታወት ሳሙና ነው የምጠርገው። ጥፋት ነው?»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። «ነፍስ ማጥፋት ነው።»

«እንዴት ላድርግ ታዲያ?»

«መጀመሪያ አጥፊው። ቆሻሻው የሚታየው በጥቁር ላይ ነው፤ የጋለ መስታወት ላይ ደግሞ እርጥበቱ ሳትጠርጊው ይደርቃል። ሳሙናውን ወርውሪው፣ የስክሪኑን ቆዳ ይልጠዋል። ውሃ ጨርቁ ላይ እንጂ ስክሪኑ ላይ አይረጭም። ጨርቁን ስምንት ገጽ አድርገሽ እጠፊ፣ ለአንዱ መስመር አንዱን ገጽ። ከላይ ወደ ታች፣ ከላይ ወደ ታች፣ መስመሩን ጣት በምታህል እየደረብሽ።» እጁ በአየር ላይ ይሄዳል፣ አይንቀጠቀጥም። «ክብ ክብ የሚያሽ ሰው እኔ ቤት እንጀራ የለውም።»

«ኮምቦስ?»

«የኮምቦ እጅ ክብ ነው። ሦስት ዓመት ብነግረው አልተወም። ከኋላው እየሄድኩ እደግመው ነበር።»

«እንግዲያው ስክሪን አይተው የጠረገውን ሰው ያውቁታል ማለት ነው።»

«አጥፊውና ባትሪ በጎኑ አብሪበት። እንደ ፊርማ ነው የሚታየው» አለ ፋማው፤ ኩራቱ ከድምፁ አልጠፋም። ምን እያስተማራት እንደሆነ የገባው ዘግይቶ ነው።

ምድር ቤት ወርቅ ሠሪው ቪራጅ ሶኒ የተምር ሂንዲ ጭማቂውን ታቅፎ ላብ ያጠምቀዋል። መርዙ የወርቅ ሠሪ ነው ሲባል ከሰማ ወዲህ ምግብ አልወረደለትም።

«ማማ ምቤዩ፣ እኔ ገዳይ ብሆን ኖሮ ይህን ሽማግሌ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት ነበር የምገድለው። ከላይ የሚያፈስብኝ ውሃ ጣሪያዬን በልቶት አልቋል።»

«መርዝህ ጎድሏል?»

ቪራጅ ጭማቂውን አስቀመጠ። «ጎድሏል። ጠዋት ደንግጬ ጓዳ ገብቼ አየሁት። ልነግርዎት ነበር፤ መጀመሪያ ላቤ እስኪደርቅ ጠበቅኩ።»

«ጓዳህ ማን ይገባል?»

«እኔና ሚስቴ። ቅዳሜ ደግሞ ፋማው። ‹የካሜራህን ስክሪን ልጥረግልህ› ብሎ በራሱ ጊዜ መጣ። በነጻ። አሥራ ሁለት ዓመት ጎረቤቴ ነው፤ ጉንፋን እንኳ በነጻ ሰጥቶኝ አያውቅም።»

«ሚሺስ?»

«ሚሺ ከደጃፌ ወደ ውስጥ አልፋ አታውቅም።»

«ሽማግሌው ከኮምቦ ጋር ምን ነበረው?»

ወርቅ ሠሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሻሊ የሚባል አንድ ልጅ ነበረው። ከሦስት ዓመት በፊት ሆቴል ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ትልቅ ስክሪን ሲጠርግ ኤሌክትሪክ ገደለው። አብሮት የሚሠራው ኮምቦ ነበር። ኮምቦ ፍርድ ቤት ቆሞ ‹ስክሪኑን ማጥፋት ረሳሁ› አለ። እህቱ ሚሺ እዚያው ሆቴል ጽዳት ነበረች፤ አደጋ ነው ብላ ማለች። መቀጫ ተፈረደበትና ወጣ። ፋማው ያን ዕለት ፍርድ ቤቱ ደጅ ላይ ኮምቦን አቅፎ ሳመው፣ ቤቱም አስገብቶ ሥራ ሰጠው። ከእህቱም ውሃ መግዛት ጀመረ። ሰፈሩ ‹ይህ ሰው ወሊ ነው› አለ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«እኔ ወርቅ ሠሪ ነኝ። ከመጠን በላይ የሚያበራ ነገር ሳይ በጥርሴ ነው የምሞክረው።»

ምቤዩ ደረጃውን እያማረረች ተመልሳ ወጣች። ሬሳው ለምርመራ ተወስዷል። ቼሩዮትን መስኮቱን አስዘጋችው፣ አምስቱን ስክሪኖች አስጠፋችው፣ የባትሪ መብራቷን ከጥቁሩ ስክሪን ጎን ይዛ አጎነበሰች። ብዙ ቆየች። ስትቀና ወገቧን ይዛ አቃሰተች።

«ምን አዩ?» አለ ቼሩዮት።

«ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት። ሁሉንም ጥራቸው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም እዚያው ክፍል ተሰበሰቡ። ፋማው በርጩማውን ይዞ መጣ። ሚሺ ልጇን እያጠባች ግድግዳው ሥር ቁጭ አለች። ቪራጅ ወደ በሩ በጣም ተጠግቶ ስለቆመ ቼሩዮት ከበሩ ፊት ሄዶ ተገተረ። ምቤዩ ጠረጴዛውን ተደግፋ ጀመረች።

«ዛሬ ሰኞ ነው። ባባ ፋማው ሰኞ እንደሚጾሙ የማያውቅ አለ?»

«መንገዱ ሁሉ ያውቃል» አለ ቪራጅ። «የጾመ ቀን ጠባዩ ይከፋል።»

«እሳቸውን ሊመርዝ የሚፈልግ ሰው ውሃ የማይቀምሱበትን ቀን ይመርጣል? ሚሺ በየሰኞው እዚህ ትመጣለች። የሰኞው ውሃ የሚገባው ወንድሟ ሆድ ውስጥ እንደሆነ ከማንም በላይ ታውቃለች። ስለዚህ የስህተት ሞት የሚባለውን እንተወው። የዛሬው መርዝ የተበጠበጠው ለኮምቦ ነው፤ ኮምቦንም አገኘው።»

ሚሺ ጡቷን ከልጇ አፍ ላይ ረስታ ቀና አለች።

«ለኮምቦ ከሆነማ» አለ ፋማው በእርጋታ፣ «ይችው አለች። የወንድምና የእህትን ነገር ማን ያውቃል?»

«እደርስበታለሁ ባባ። ኮምቦ ጠጥቶ ሲወድቅ በኩባያው የቀረው ተረጨ። እዚህ ጠረጴዛው ላይ ደርቋል። ግድግዳው ላይ ደርቋል። ከዚህኛውና ከዚያኛው ስክሪን ላይ ደርቋል። በመካከል ያለው ይህ ሦስተኛው ላይ ግን የለም። ውሃ መርጦ አይረጭም። አንድ ሰው ጠርጎታል።»

«ኮምቦ ራሱ ጠርጎት ይሆናል። ሥራ ጀምሮ ይሆናል።»

«ሳይቀምስ? በእርስዎ ቤት? ቢጀምርስ ኖሮ ውሃው ከዚያ በኋላ በተረጨበት ነበር። ይህ የተጠረገው ኮምቦ ከወደቀ በኋላ ነው። ሚሺ ስትገባ ደግሞ ስክሪኑ ጠፍቶ ነበር፤ ሌሎቹ ሌት ተቀን ሲበሩ እሱ ብቻ። ማን ነው መጀመሪያ አጥፍቶ የሚጠርግ?»

ከታች በኩል ጀልባ የሚያራግፉ ሰዎች ሲቀላለዱ ይሰማ ነበር።

«ሚሺ፣ ሆቴል ስትሠሪ ስክሪን እንዴት ትጠርጊ ነበር?»

«ከባልዲው ጨርቅ አውጥቼ... እንዲሁ ዙሪያውን።»

«ዙሪያውን። ኮምቦም እጁ ክብ ነው። ይህ ግን ከላይ ወደ ታች ነው፤ መስመሩ በመስመሩ ላይ ጣት በምታህል ተደርቧል፤ አሥራ አንድ መስመር ቆጥሬያለሁ። እንደ ፊርማ ነው ብለውኝ የለ? አነበብኩት።»

ፋማው እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። «እኔ በዚህ ክፍል ሃያ ስምንት ዓመት ጠርጌያለሁ። የትናንት ይሆናል።»

«የትናንት ቢሆን ኖሮ ሌሊቱ ጨው ባለበሰው ነበር። ሌሎቹ አምስቱ ለብሰዋል።» ምቤዩ ፊቱ ቆመች። «ያ ሁሉ ይቅር። ባባ፣ ከጠዋት ጀምሮ መነጽርዎ ጨው ጋግሮ በአናቱ ነው የሚያዩኝ። አገሩ ሁሉ ስክሪኑን ይዞ ወደ እርስዎ ይመጣል፤ የራስዎን መነጽር ምነው አልጠረጉትም? ጨርቁ እኮ ኪስዎ ውስጥ ነው። እስቲ ያውጡትና ይጥረጉት።»

የፋማው እጅ ወደ ደረት ኪሱ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ።

«እሺ አፍዎን ይጥረጉበት» አለች።

እጁ ወደ ጉልበቱ ተመለሰ። ቼሩዮት ጓንት አጥልቆ አረንጓዴ ጠርዝ ያለውን ጨርቅ ከሽማግሌው ኪስ በሁለት ጣቱ አወጣው። ደርቆ እንደ ወረቀት ቆሟል፤ እጥፋቱ ላይ የደረቀው መርዝ እንደ ነጭ ዱቄት ይታያል።

«በጓሮው ደረጃ ገቡ» አለች ምቤዩ። «ከቪራጅ ጓዳ ቅዳሜ የወሰዱትን ኩባያ ውስጥ በጥብጠው ‹እኔ ጾመኛ ነኝ፣ ቅመስ› አሉት። ሲወድቅ የቀረውን ጀሪካኑ ውስጥ ጨመሩ፣ ሚሺ እንድትያዝበት። የዓርቡንም ስድብ በሰው ፊት ያደረጉት እንድትመልስልዎ ነው፤ መለሰችልዎ። ሁሉንም በልክ ቆርጠዋል። ከዚያ ወጥተው መሄድ ብቻ ነበር የቀረዎት። አንድ ሰው እግርዎ ሥር ነፍሱ እየወጣች፣ እርስዎ ስክሪን አጥፍተው ጠረጉ።»

ሽማግሌው ሲናገር ድምፁ ከጠዋቱ የተለየ አልነበረም።

«ሲደርቅ ቆዳውን ይበላዋል» አለ። «የሰው ንብረት ነው።»

ቪራጅ «ሄ ራም» ብሎ አምላኩን ጠርቶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሚሺ ወለሉን፣ ወንድሟ የተጋደመበትን ቦታ ታያለች።

«ወሊ አሉኝ» አለ ፋማው፤ አሁን የሚያናግረው ማንንም አይደለም። «እኔ ሦስት ዓመት ጥርሴን ነክሼ አበላሁት። ሙያዬን አስተማርኩት። ልጄ የተቀመጠበት በርጩማ ላይ ሲቀመጥ አየሁ፣ ሲስቅ ሰማሁ፣ ዝም አልኩ። በመጀመሪያው ዓመት ብገድለው ሁሉም ያውቀኝ ነበር። ደግሞም ቶሎ መሞት ለእሱ ምኑ ነው? ሕይወቱ እንዲጥመው ፈለግኩ። ባለፈው ወር ላገባ ነው አለኝ። አሁን ጣመው አልኩ።» አንገቱን ወደ ሚሺ አዞረ። «አንቺ ደግሞ በእኔ ልጅ ደም ላይ ቁርአን ይዘሽ አደጋ ነው አልሽ። በወንድምሽ ደም ልትጠየቂ ይገባሽ ነበር። ‹ረሳሁ› ማለት ምን ማለት ነው? ሰው ስክሪን ማጥፋት ይረሳል?»

ሚሺ ልጇን ትከሻዋ ላይ አደረገችና ተነሳች።

«አልረሳም» አለች።

«በዳኛ ፊት ረሳሁ ብሏል።»

«ብሏል። ሻሊ መሰላሉ ላይ ሆኖ እርስዎ ሲደውሉለት እጁ እርጥብ ነበር፤ ስልኩን ጆሮው ላይ የያዝኩለት እኔ ነኝ። ሆቴሉ ውስጥ ሰው ኳስ እያየ ነው። ‹ባለቤቱ ኳሱ እስኪያልቅ አይጠፋም ብሏል፣ ሥራውን ለሌላ እንዳይሰጥብን፣ ሳታጠፋ ጥረገው› አሉት። ድምፅዎ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር። ኮምቦ ማብሪያው ላይ እጁን አድርጎ ‹ላጥፋው እንጂ› ብሎ ለመነው። ሻሊ ‹ተው፣ አባቴ ብሏል› አለ።»

ፋማው መነጽሩን አወለቀ።

«ወንድሜ ‹ረሳሁ› ያለው ለማን ሲል ይመስልዎታል?» አለች ሚሺ። «‹አባቱ ይህን ተሸክሞ አይኖርም፣ እኔ ልሸከምለት› ብሎኝ ነው። እኔንም ያስማለኝ እሱ ነው። እርስዎ ደጅ ላይ ሲስሙት የገባዎት መስሎት፣ ማታ ቤት ገብቶ እስኪበቃው አለቀሰ።»

«ረሳሁ ብሏል» አለ ፋማው እንደገና። ያችን ቃል ሦስት ዓመት ሙሉ ተደግፎባት ኖሯል፤ አሁንም ሊለቃት አልፈለገም። «በዳኛ ፊት፣ ረሳሁ ብሏል።»

ምቤዩ ቼሩዮትን በዓይኗ ጠቀሰችው። ወጣቱ ሽማግሌውን በክንዱ ይዞ አስነሳው። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ፋማው ቆመና ዞረ።

«ሚሺ፣ ልጄ፣ ይህን ፍርድ ቤት ትናገሪዋለሽ?»

«መጀመሪያ ወንድሜን እቀብራለሁ። ሲጠሩኝ እመጣለሁ። ሦስት ዓመት ዝም ያልኩት ለኮምቦ ስል ነበር፤ ኮምቦ አሁን የለም። ስልኩ ላይ ያሉትን ቃል በቃል፣ እንዳሉት አድርጌ እናገረዋለሁ።»

«የሻሊ እናት ትመጣለች። በየቀኑ ትመጣለች።» የበሩን መቃን ያዘ። «እኔን ይስቀሉኝ። እሷ ብቻ አትስማ። በልጅሽ ይሁንብሽ፣ ለእናቱ አታሰሚያት።»

ሚሺ ሄዳ አጠገቡ ቆመች። ስትናገር ሕፃኗን እንዳትቀሰቅስ ያህል በቀስታ ነበር።

«ለእኔ እናት ዛሬ ጠዋት ማን ነገራት ባባ? እርስዎ ነዎት። ከመስኮቱ ሆነው፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ፣ ‹ልጅሽ ልጅሽን ገደለችው› አሏት። የሻሊ እናት ወንበር እስኪሰጧት እጠብቃለሁ። ከዚያ እናገራለሁ።»

አልፋው ደረጃውን ወረደች።